አስፋልት ዳር ወይስ ውስጥ ገባ ብሎ? አዲስ አበባ ላይ መንገድ መርጦ ስለመኖር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት ፍለጋ የወጣ ሰው መጀመሪያ ሚያወራው ስለ ሰፈር ነው፣ ቦሌ ነው ጀሞ ነው ሲኤምሲ ነው እያለ። እኔ ተወልጄ ያደኩት ፒያሳ አካባቢ ቀበሌ ቤት ነው፣ ከዛ ሃያ ሁለት ሚባለው ሰፈር ሰርቪስ ቤት ተከራየሁ፣ ከዛ ሳሪስ አስፋልት ዳር ፎቅ ላይ፣ ከዛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ አሁን ደግሞ ጉርድ ሾላ ኮብልስቶን ውስጥ ነኝ። አምስት ቤት፣ አምስት መንገድ። እንቅልፋችሁን፣ ጫማችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ ማታ የምትገቡበትን ሰዓት ሳይቀር ሚወስነው በር ከፍታችሁ ስትወጡ እግራችሁ ሚያርፍበት መንገድ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ፣ ለዛም ነው ዘመድም ጓደኛም ቤት ሲፈልግ እየደወለ ሚጠይቀኝን እዚ አንድ ላይ ያደረኩት።

ቦሌ ይሻላል ወይስ ሲኤምሲ?

ጥያቄውን ትንሽ ጠበብ አድርጉት። ሃያ ሁለት እያለሁ ከኔ ቤት አስፋልቱ ድረስ የአራት ደቂቃ መንገድ ነው፣ አስፋልቱ ላይ ግሮሰሪው፣ ሙዚቃው፣ የመኪናው ጥሩንባ እስከ ሌሊት ድረስ አያባራም፣ እኔ ቤት ግን ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ሚሰማው ውሻ ብቻ ነበር። ሰፈሩ ያው ነው፣ የታክሲው ዋጋ ያው ነው፣ ኑሮው ግን ሁለት አገር ነው። ስለዚ ደላላው "ቦሌ ነው" ሲላችሁ "ቦሌ የት ጋ? ከአስፋልት ስንት እርምጃ ይገባል? መንገዱ ምንድን ነው፣ አስፋልት ነው ኮብልስቶን ነው ጭቃ ነው? አቋራጭ ነው ወይስ ዝግ?" ብላችሁ ጠይቁት። እነዚን ያልመለሰ ደላላ ቤቱን አያውቀውም ማለት ነው።

አስፋልት ዳር መኖር ምን ይመስላል?

ሳሪስ ሁለት ዓመት ከምናምን ኖሬበታለሁ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ወያላ "ስታዲየም ስታዲየም፣ ለገሃር ለገሃር" ማለት ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ እንቅልፍ ብሎ ነገር የለም። ያ መንገድ ደግሞ ወደ ቃሊቲና ደብረ ዘይት ሚያወጣ ዋና መውጫ ነው፣ የጭነት መኪና ቀን ቀን የሰዓት ገደብ ስላለበት ሲመሽ ነው ሚበዛው፣ አንድ ባዶ ሲኖ ጉድጓድ ላይ ሲዘል የቤታችሁ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ጆሮ ይለምዳል ይባላል፣ እውነትም የኔ ጆሮ በሁለት ወር ለመደ፣ ግን ከእህቴ ጋር በስልክ ሳወራ እየጮሁ ማውራት ልማድ ሆኖብኝ እሷ ናት ያስተዋለችው። አቧራውና ጭሱም አለ፣ ነጭ ልብስ ታጥቦ በረንዳ ላይ ከዋለ ደርቆ ሲገባ ነጭ አይደለም፣ መጋረጃ በየሁለት ሳምንቱ ካልታጠበ ይጠቁራል።

ሌላው ሰው ማያስበው ነገር ባቡሩ ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር ለኛ ትልቅ ነገር ነበር፣ አሁንም መንገድ ሲዘጋጋ ያድናል። ግን ሀዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ሁሉ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል፣ ፊት ለፊታችሁ ሚታያችሁ ዳቦ ቤት ለመድረስ መሻገሪያ ፍለጋ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ሄዳችሁ መዞር አለባችሁ፣ በሩቅ ሲያዩት ሁለት ደቂቃ የመሰለው ሩብ ሰዓት ይፈጃል። እና ሀዲድ ያለበት መንገድ ላይ ቤት ስታዩ ሥራ ስትሄዱ ታክሲ ምትይዙት በየትኛው በኩል እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ።

ጥሩነቱን ደግሞ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አስፋልት ዳርን ያለ አግባብ ይፈራዋል። ታክሲ በር ላይ ነው፣ መድኃኒት ቤቱ እስከ ማታ 3 ሰዓት ክፍት ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ጫማ አይበላሽም፣ ሌሊት ሰው ቢታመም መኪና በር ድረስ ይመጣል። ማታ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ደግሞ ሰው ያለበት መንገድ ይሻላል። አንድ ምክር ብቻ፣ እዛው ፎቅ ላይ ከፊት ያለው ክፍልና በጓሮ በኩል ያለው ክፍል የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ፣ ዋጋቸው ግን ብዙ ጊዜ እኩል ነው፣ ስለዚ የጓሮውን ጠይቁ።

ኮብልስቶን ውስጥስ?

አሁን ያለሁበት ነው፣ እና በጣም ስለምወደው ማዳላቴ አይቀርም።

ጠዋት ሚቀሰቅሳችሁ ሰው ነው፣ መኪና አይደለም። "ልዋጭ ልዋጭ" እያለ ሚያልፈው ልጅ አሮጌ ልብስና ጫማ በፕላስቲክ እቃ ይቀይራል፣ "ቆራሌው" ሚለው ደግሞ ብረት፣ ጠርሙስ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ይገዛል፣ ሁለቱም የየራሳቸው ዜማ አላቸው፣ እቤት ውስጥ ሆናችሁ ማን እንደመጣ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ልጆቹ ሁለት ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ጎል ይሰራሉ፣ መኪና ሲመጣ ድንጋዩን አንስተው ያሳልፉና ተመልሰው ያስቀምጡታል፣ አንዱም አይናደድም። ኮብልስቶን ላይ ሰኞ ማክሰኞ መስመሩ ስለማይሰመር ሴቶቹ ልጆች ሲሚንቶ የፈሰሰበትን የአንድ ሰው ግቢ በር ፊት መርጠው ነው ሚጫወቱት፣ የኛ በር ፊት ከተመረጡት አንዱ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ስወጣ በኖራ የተሰመረውን እየዘለልኩ ነው ምወጣው።

ችግሩ ደግሞ ይሄ ነው። ዳገት ከሆነ ክረምት ላይ ያንሸራትታል፣ በተለይ ድንጋዩ ብዙ ጎማ ሄዶበት የለሰለሰበት ቦታ። ለቧንቧ ወይ ለኬብል ተቆፍሮ መልሶ ሲነጠፍ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ስለማይሆን መሀሉ ይሰምጥና ውሃ ያቁራል። ተረከዝ ያለው ጫማ ምታደርጉ ሴቶች ጫማችሁን ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ አስፋልት ላይ መቀየር ትለምዳላችሁ፣ የኛ መንገድ ሴቶች ግማሹ እንደዛ ነው።

ዋናው ግን አቋራጭ መሆን አለመሆኑ ነው። ሁለት አስፋልት ሚያገናኝ ኮብልስቶን ከሆነ 11 ሰዓት ላይ ትራፊኩ ሲጨናነቅ ሹፌሩ ሁሉ ወደናንተ ይታጠፋል፣ ልጆቹ ከመንገዱ ይባረራሉ፣ ጥሩንባው ይጀምራል። ዝግ ከሆነ ሰላም ነው። ግን ዝግ መንገድ ላይ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፣ ማን መጣ ማን ሄደ ይታያል፣ እሱ ማይመቸው ሰው አለ። ደግሞ ለቅሶ ወይ ሰርግ ሲኖር ድንኳኑ መንገዱ ላይ ነው ሚተከለው፣ መኪና ካላችሁ ድንኳን ሊተከል ነው ሲባል ቀድማችሁ አስፋልት ዳር አውጡት። ለቅሶ ላይ "መኪናዬ መውጣት አለበት" ብሎ ድንኳን ማስነሳት ማለት እዛ መንገድ ላይ ከዛ በኋላ ሰላም ሚላችሁ የለም ማለት ነው።

ርካሽ ስለሆነ ገና ያልተሰራ መንገድ ላይ ልከራይ ነው፣ ጭቃው ያን ያህል ይከብዳል?

ከጥቅምት እስከ ግንቦት አይከብድም፣ አቧራ ነው፣ ይታለፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሌላ ኑሮ ነው። ቦት ጫማ፣ መለወጫ ጫማ በፌስታል፣ ባጃጅ ጭቃው ውስጥ አልገባም ሲል ቀሪውን በእግር። ብታስቡት ወጪም አለው፣ በኪራይ ያተረፋችሁትን ባጃጅና የልጆች ጫማ ይበሉታል። ግን ቤት ሰርተው የገቡ ሰዎች ያሉበት መንገድ ከሆነ ተስፋ አለው፣ ገንዘብ አዋጥተው ገረጋንቲ ያስደፋሉ፣ ቱቦ ያስቀብራሉ። ባዶ ግንብ ብቻ የበዛበት ከሆነ ግን ሚያዋጣ ሰው ስለሌለ መንገዱ ለዓመታት እንደዛው ይቆያል። ይሄን ለማወቅ ማታ ሄዳችሁ መብራት የበራበትን መስኮት ቁጠሩ።

የድሮ ሰፈር፣ ቀበሌ ቤት ያለበት መንገድ ላይ መኖር እንዴት ነው?

ስለዚ ሳወራ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቀበሌ ቤት ሚባለው ነገር የመጣው ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ነው፣ ወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዛ በላይ የሆነው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደ። ከተወረሰ ጊዜ ጀምሮ ኪራዩ ብዙም ሳይጨምር ስለኖረ አንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል ውስጥ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያለ ቆየ፣ ቦታው መሀል ከተማ ስለሆነ ማንም መልቀቅ አይፈልግም፣ ደግሞ የራሱ ስላልሆነ ማንም በደንብ አያድሰውም። እኛ ሰፈር መንገዱ ማለት በሁለት ጭቃ ግድግዳ መሀል ያለች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ማይሄድባት ነገር ነበረች። ውሃ ከቦኖ፣ ሽንት ቤት የጋራ። ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" ምትሉት እናንተ ቤት ሆናችሁ ነው።

ብዙ ሰው ፍቅሩን ብቻ ነው ሚያወራው፣ እኔ ግን ሁለቱንም ነው ማወራው። አባቴ አንድ ሌሊት ሲታመም አምቡላንስ ቢመጣም ውስጥ መግባት አልቻለም፣ የሰፈሩ ወንዶች ከነአልጋው ተሸክመው አስፋልት ድረስ አወጡት። መኪና ማያስገባ መንገድ ስለሆነ ነው እንደዛ የተንገላታው፣ ያው መንገድ ስለሆነ ደግሞ ነው በሌሊት ስምንት ወንድ በአምስት ደቂቃ የተነሳው። ሳሪስ ፎቅ ላይ ሆኜ ቢሆን ኖሮ መኪናው በር ላይ ይቆማል፣ ግን ማንን ነበር ምቀሰቅሰው? እዛ ሁለት ዓመት ስኖር ፊት ለፊት ያለውን ሰውዬ ስሙን አላውቀውም።

እንደዚ አይነት መንገድ አሁን እየቀነሰ ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ካዛንችስ ላይ ከ2016 ጀምሮ ብዙው ፈርሶ ሰዉ በዳር ዳር ኮንዶሚኒየም ገብቷል። የኛም ቤት ሄዷል።

ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መንገድ አለ እንዴ?

አለ እንጂ፣ በብሎክና በብሎክ መሀል ያለው ነዋ። ጀሞ ስኖር የኔ ብሎክ ፊቱ ታክሲ መያዣው ነበር፣ ከኔ ሁለት ብሎክ ገባ ብላ ምትኖር ጓደኛዬ ደግሞ ፊቷ ሳር ያለበት ክፍት ቦታ ነው፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ ሽማግሌዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። እኩል ነው ምንከፍለው። ምድር ቤቱ ምን እንደሆነ ደግሞ እዩ፣ ከስራችሁ ሱቅ ወይ ፀጉር ቤት ከሆነ ችግር የለውም፣ ግሮሰሪ ከሆነ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወለላችሁ ይደንሳል።

ባለ አራት ፎቆቹ ሊፍት የላቸውም። ወጣት ሆናችሁ አራተኛ ፎቅ ርካሽ ነው ብላችሁ ትገባላችሁ፣ ከዛ ውሃ ግፊቱ አንሶ ላይ አልደርስ ሲል ባለ 20 ሊትር ጄሪካን መሸከም ይመጣል፣ ወይ ለሚሸከሙት ልጆች በጄሪካን ትከፍላላችሁ፣ እናታችሁ ልትጠይቃችሁ ስትመጣ ደግሞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ ታርፋለች። ወላጅ ያለው ሰው ከሁለተኛ በላይ ባይወጣ ጥሩ ነው።

ደስ ሚለው ግን አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከየብሎኩ "እሰይ!" ሚለው የልጆች ጩኸት፣ ፋሲካ ዋዜማ በየደረጃው ስር ታስሮ ሚጮኸው በግ፣ ኮሪደሩ ላይ ሚቆላው ቡና። አድራሻ መናገር ደግሞ እንደ ኮንዶሚኒየም ሚቀል የለም፣ የብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ አለቀ።

ውሃና መብራት ከመንገድ መንገድ ይለያያል?

በጣም። ውሃ በፈረቃ ነው፣ አንዱ መንገድ በሳምንት ሦስት ቀን ሲያገኝ ከሱ ከፍ ብሎ ያለው ዳገት ላይ ሌሊት ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። አከራይ "ውሃ ችግር የለም" ይላል፣ ሁሉም እንደዛ ነው ሚለው። ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩ፣ ሁሉም ቤት ላይ ትልልቅ ሮቶ ከተደረደረ ውሃው ይጠፋል ማለት ነው። ውሃ ቦቴ መግባት ይችላል ወይ ሚለውንም እዩ፣ ጠባብ መንገድ ከሆነ አይገባም። ስለ መብራት ደግሞ ቆጣሪው የግል ነው የጋራ ብላችሁ ጠይቁ፣ የጋራ ቆጣሪ በጎረቤት መሀል ጠብ ሚያነሳ ዋና ነገር ነው፣ በተለይ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሚጋገር ከሆነ።

ሴት ነኝ፣ ከሥራ ማታ 3 ሰዓት ነው ምወጣው፣ የቱ መንገድ ይሻለኛል?

ከታክሲ መውረጃሽ እስከ ቤትሽ ያለውን ብቻ አስቢ። ሁለት ነገር እዪ፣ መብራትና ክፍት ሱቅ። ሰፈሩ ውድ ነው ማለት መንገዱ ሰላም ነው ማለት አይደለም፣ ትልልቅ ቪላ ያለበት መንገድ ላይ በሁለቱም በኩል ሚታይሽ ረጅም ግንብ ነው፣ ብትጮሂ ሚሰማ የለም። የኔ ኮብልስቶን ላይ ግን እስከ 4 ሰዓት ድረስ አንድ ኪዮስክ ክፍት ነው፣ ባለ ሱቁ ልጅ ማን ገባ ማን አልገባ ያውቃል፣ እኔ ሳመሽ እሱ መኖሩ ብቻ ልቤን ያሳርፈዋል። ነዋሪው አዋጥቶ ጥበቃ የቀጠረበት መንገድ ካገኘሽ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ግን ጥበቃው ሌሊት እውነት መኖሩን አንድ ቀን አምሽተሽ ሂጂና እዪ። እና በስልክ ታክሲ፣ ራይድ ወይ ፈረስ ሚባሉትን፣ ስትጠሪ ሹፌሩ በር ድረስ መግባት ሚችልበት መንገድ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ኮሪደር ልማት የተሰራበት ጎዳና ዳር ቢሆንስ?

በእግር ለሚሄድ ሰው ከተማው ላይ እንደዚ አይነት የእግረኛ መንገድ አልነበረንም፣ ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ የብስክሌት መስመር አለው፣ ማታ ቤተሰብ ልጅ ይዞ ሲንሸራሸር ታያላችሁ። እኔም ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ አመሻሽ ላይ መሄድ ደስ ይለኛል፣ ዓድዋ ሙዚየም ጋ ስደርስ ቆም ማለት አለብኝ።

ለመኖር ግን ሌላ ነገር አስቡ። ጉልት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ምትሸጠው እናት የለችም፣ ሊስትሮው የለም፣ ጀበና ቡናዋ የለችም፣ ታክሲ መያዣው ተቀይሯል፣ ሁለት ሽንኩርት ስታልቅባችሁ ሱፐርማርኬት መግባት ሊኖርባችሁ ነው። ኪራዩም ይጨምራል። ያደኩበት ቦታ ላይ ቆሜ መንገዱ ማማሩን እያየሁ ደስ ይለኛል፣ እዛው ቆሜ ደግሞ ማንም ሰላም ሳይለኝ አልፋለሁ፣ ሁለቱም እውነት ነው። ቤት ምትፈልጉ ከሆነ ከነሱ ጎዳናዎች አንድ መንገድ ገባ ያለውን ብትይዙ ሁለቱንም ታገኛላችሁ።

ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ መኖር ይከብዳል?

ድምፁን ምትወዱት ከሆነ በረከት ነው። ሌሊት ኪዳን፣ ንጋት አዛን ነው ሚቀሰቅሳችሁ። መርካቶ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፣ እዛ ያደገ ጓደኛዬ ሁለቱንም ሳይሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ይላል። ለሕፃን ልጅ፣ ለሌሊት ሠራተኛ፣ ለታመመ ሰው ግን ሊከብድ ስለሚችል በግልፅ አስቡበት። ሌላው የንግሥ ቀን ነው፣ የታቦቱ ወርሃዊ ቀንና ዓመታዊው ቀን መቼ እንደሆነ እወቁ፣ የዛን ቀን መኪና አይወጣም አይገባም። ስድስት ኪሎና ጃን ሜዳ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ጥምቀትን ቤታችሁ በር ላይ ነው ምታከብሩት፣ ዘመድ ሁሉ እናንተ ጋ ነው ሚያርፈው፣ ድፎውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

አድራሻዬን እንዴት ነው ማስረዳው? መንገዶቹ ስም የላቸውም?

አላቸው፣ ሰው ግን አይጠራቸውም። አፍሪካ ጎዳና ብትሉ ሹፌሩ ያያችኋል፣ ቦሌ መንገድ ስትሉ ነው ሚነዳው። ቸርችል ጎዳና ምናልባት ከሚጠሩት ጥቂቶች ውስጥ ነው። እኛ ምንኖረው በ"ጀርባ"፣ በ"ፊት ለፊት"፣ በ"ገባ ብሎ" ነው፣ አንዳንዴም ምልክቱ ጠፍቶ ስሙ ይቀራል። ሰባራ ባቡር የተባለው በምኒልክ ጊዜ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ማሽን ተበላሽቶ እዛ በመቅረቱ ነው፣ ማሽኑን ያየ ሰው ዛሬ የለም፣ ወያላው ግን አሁንም "ሰባራ ባቡር ወራጅ አለ?" ይላል። ከመግባታችሁ በፊት ታዲያ ቤታችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት መቻላችሁን ሞክሩ፣ ካልቻላችሁ አምቡላንስም እንግዳም ይቸገራል።

ከዲሲ ልመለስ ነው፣ ፀጥ ያለ መንገድ አገኛለሁ?

ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ያለውን ፀጥታ ከጠበቃችሁ አታገኙም፣ አዲስ አበባ ላይ ሌሊት ውሻ አለ፣ ወደ እንጦጦ ጠጋ ካላችሁ ጅብም ይሰማል። ቀን ቀን ፀጥ ያለ ከፈለጋችሁ ኦልድ ኤርፖርት ወይ ቦሌ ውስጥ ውስጡን ኤምባሲ ያለባቸው መንገዶች አሉ፣ ውድ ናቸው፣ መኪና ከሌላችሁ ደግሞ ዳቦ እንኳን ሩቅ ነው። አየር ማረፊያው ከተማው ውስጥ ስለሆነ አውሮፕላን ሚያርፍበት መስመር ስር እንዳትገቡ ማታ ማታ ሄዳችሁ ሰማዩን አዳምጡ። ለመጀመሪያው ስድስት ወር ዘመድ ያለበት መንገድ ላይ ብትከራዩ ግን ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ።

ውሉ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

በአጭሩ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውል በፅሁፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪም አከራዩ በፈለገ ጊዜ ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መሠረት ነው። ይሄ ለናንተ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ክረምት ማለት ስለሆነ መንገዱን በደንብ ሳታዩ አትፈርሙ።

መንገዱን እንዴት ነው ማየው ታዲያ?

ቤቱን አንዴ፣ መንገዱን አራቴ እዩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሂዱና የታክሲ ሰልፉን እዩ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቆማችሁ ሞክሩት። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሂዱና በእግራችሁ ከአስፋልት እስከ በሩ ግቡ። ቅዳሜ ማታ ሂዱ፣ ግሮሰሪው፣ ፑል ቤቱ ምን ያህል እንደሚጮህ ያኔ ነው ሚታወቀው። ዝናብ እንደዘነበ ሂዱ፣ ይሄ ከሁሉም በላይ ነው፣ ውሃው የት እንደሚሄድ፣ ቱቦው እንደተደፈነ፣ የናንተ በር ከመንገዱ ዝቅ ማለቱን ታያላችሁ። ግድግዳው ላይ ከታች የውሃ መስመር ካለ ባለፈው ክረምት እስከዛ ደርሷል ማለት ነው፣ አዲስ ቀለም ከታች ብቻ ከተቀባም ያው ነው።

ከዛ ሰው አናግሩ። ጀበና ቡና ካለች ተቀመጡና ሁለት ስኒ ጠጡ፣ ባለ ሱቁን ጠይቁት፣ ጎሚስታውን ጠይቁት። ዝም ብላችሁ "እዚ ልከራይ ነው" በሏቸው። ሰው እውነቱን ይነግራችኋል፣ ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ የቱ ግቢ ውሻ እንደሚናከስ፣ በፊት የነበረው ተከራይ ለምን እንደወጣ። ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት ካለ ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ፣ ግን እሁድ ስለሚዘጉ እሁድ ብቻ ሄዳችሁ እንዳትሸወዱ።

ከአንድ መንገድ ወደ ሌላ ስንቀይር እድሩስ?

አዲሱ ጋ ተመዝገቡ፣ ግን የድሮውን ቶሎ አትልቀቁ። አዲሱ እድር መግቢያ ይጠይቃል፣ ከመተዋወቃችሁ በፊት ደግሞ ሰው ሊሞት ይችላል፣ ያኔ ድንኳኑን ሚተክልላችሁ፣ ንፍሮውን ሚቀቅልላችሁ የድሮው ሰፈር ሰው ነው። ኮንዶሚኒየም ላይም እየተመሰረተ ነው፣ ጀሞ የገባሁበት ጥሩ ነበር።

እናቴ ቤታችን ከፈረሰ በኋላ ቦሌ አራብሳ ነው ያለችው። የእድር ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ነው፣ የድሮው አዳራሽ ስለሌለ አንድ የቀድሞ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ሁለት ታክሲ ይዛ ነው ምትሄደው፣ አንዱ እስከ መገናኛ፣ አንዱ ከዛ ወደ ፒያሳ። ጥሩምባ ሚነፉት ጋሼ አሁን ጎሮ በኩል ናቸው፣ ሰው ሲሞት ስልክ ነው ሚደውሉት፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች። ባለፈው ሲደውሉላት አጠገቧ ነበርኩ፣ ስልኩን ዘግታ ነጠላዋን እያነሳች "ነይ ሸኚኝ፣ ዛሬ ሳይመሽ እንድረስ" አለችኝ።